ቢጫና ቀዩን ከመንገድ መብራት ያመጡት ዳኛ

ዳኛ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ስታዲየሙ ጸጥ ይላል። የወጣው ካርድ ቢጫ ይሁን ቀይ፣ መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተመልካችም ወዲያው ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ1970 በፊት ግን ካርድ የሚባል ነገር አልነበረም። ዳኛው በአፉ ያስጠነቅቃል፣ ስም ይመዘግባል፣ በጣቱ ውጣ ይላል። በቋንቋ ካልተግባቡ ጉድ ይፈላል።

የዚህን ጣጣ ገፈት የቀመሱት በ1915 በኮልቸስተር የተወለዱት እንግሊዛዊ ኬን አስተን ናቸው። ሥራቸው መምህርነት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘምተው እስከ ሌተናል ኮሎኔልነት ከደረሱ በኋላ ወደ ፊሽካቸው ተመለሱ። ነጭ ጥለት ያለውን ጥቁር የዳኞች መለያ ያስለመዱት እሳቸው ናቸው። በጉም ውስጥ አልታይ ያሉትን የመስመር ዳኞች ባንዲራዎችም በደማቅ ቢጫና ቀይ ቀየሯቸው። ሰውዬው ቀድሞውንም ቀለም ይወዱ ነበር ማለት ነው።

ሰኔ 2 ቀን 1962 አዘጋጇ ቺሊ ከጣሊያን ስትጫወት ዳኛው አስተን ነበሩ። የጣሊያን ጋዜጠኞች ስለ ሳንቲያጎ ከተማ በጻፉት ስድብ ቺሊያውያን ደማቸው ፈልቷል። ገና በ8ኛው ደቂቃ ጣሊያናዊው ፌሪኒ ቀጥቅጦ ተባረረ፤ አልወጣም ብሎ ድርቅ ሲል ፖሊስ ጎትቶ አስወጣው። ሌላው ጣሊያናዊ ዴቪድም ተከተለው። በቡጢ የተማታው ቺሊያዊው ሊዮኔል ሳንቼዝ ግን ሳይነካ ቀረ። እዚህ ላይ አስተንን መከላከል ይከብዳል። ቺሊ 2ለ0 ያሸነፈችበት ይህ ጨዋታ የሳንቲያጎ ጦርነት ተባለ። አስተንም ከዚያ በኋላ የዓለም ዋንጫ ጨዋታ አልመሩም።

በ1966 በእንግሊዝ በተዘጋጀው ዋንጫ የዳኞች ኃላፊ ሆነው ብቅ አሉ። በዌምብሌይ እንግሊዝ ከአርጀንቲና ሩብ ፍጻሜ ሲጫወቱ ጀርመናዊው ዳኛ ክራይትላይን የአርጀንቲናውን አምበል ራቲንን አባረሩት። ዳኛው ስፓኒሽ አይችሉም፣ ራቲን ጀርመንኛ አይሰማም። አስተርጓሚ ይምጣልኝ ብሎ እምቢ ሲል ጨዋታው ለደቂቃዎች ቆመ፤ አስተን ራሳቸው ገብተው ለማግባባት ሞከሩ። የባሰው ደግሞ፣ ማን ማስጠንቀቂያ እንደተሰጠው ከጨዋታው በኋላ እንኳ እንግሊዞቹ በቅጡ አላወቁም።

አስተን ይህንኑ እያብሰለሰሉ መኪናቸውን ሲነዱ ኬንሲንግተን ሃይ ስትሪት ላይ የትራፊክ መብራት ያዛቸው። ቢጫ፣ ረጋ በል። ቀይ፣ በቃህ። ለዚህ አስተርጓሚ አያስፈልግም! ቤት ገብተው ሐሳቡን ለባለቤታቸው ለሂልዳ ሲነግሯቸው፣ እሳቸው ለሸሚዝ ኪስ የሚሆኑ ሁለት ባለቀለም ወረቀቶች ቆርጠው ሰጧቸው።

ካርዱ በ1970 በሜክሲኮ ሥራ ጀመረ። በዚያ ውድድር ቢጫ እንጂ ቀይ አልተመዘዘም። በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያውን ቀይ በ1974 ያየው ካርሎስ ካዜሊ ነው፤ የየት አገር ሰው ቢባል፣ የቺሊ!

የሚገርመው የገዛ አገራቸው ነው። የእንግሊዝ ሊግ ካርዱን የተቀበለው በ1976 ሲሆን፣ በ1981 ጥሎት በ1987 መልሶ አነሳው። አስተን ግን ይህን ሁሉ አይተው፣ አሜሪካ እየተመላለሱም ዳኞችን ሲያሠለጥኑ ኖረው፣ በ2001 በ86 ዓመታቸው አረፉ።