አዳ ላቭሌስና ያልተሠራው መኪና
የባለቅኔው የሎርድ ባይረን ልጅ አዳ ላቭሌስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1815 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ተወለደች። የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ያን ጊዜ ለሴቶች ዝግ ስለ ነበሩ፣ እናቷ መምህራን ቀጥራ ሒሳብ በቤት አስተማረቻት። በ17 ዓመቷ ከሒሳብ ሊቁ ከቻርልስ ባቤጅ ጋር ተዋወቀች። ባቤጅ ኋላ በራሱ የሚያሰላ መኪና ነደፈ። አዳም ስለዚሁ መኪና በፈረንሳይኛ የተጻፈውን በ1843 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝኛ መልሳ፣ ከዋናው ጽሑፍ የሚረዝም ማብራሪያ ጨመረችበት። በዚህም ውስጥ መኪናው የቤርኑሊ የሚባሉትን ቍጥሮች ለማግኘት የሚፈጽመውን ስሌት በየተራው ዘርዝራ አሳየች።
መኪናው ሳይሠራ እርስዋ በ1852 ዓ.ም. በ36 ዓመቷ ዐረፈች። ያን ዝርዝር ግን ዛሬ ብዙዎች እንደ መጀመሪያው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይቈጥሩታል። እንግዲህ ኮምፒዩተር በእጄ የለም ብሎ ትምህርቱን የሚያዘገይ ተማሪ ቢኖር፣ አዳ ይህን ሁሉ የሠራችው በብዕርና በወረቀት መሆኑን ያስብ።