ጥላሁን ገሠሠ፦ ከክብር ዘበኛ መድረክ በኋላ

በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ሜክሲኮ አደባባይ በየማለዳው በርካታ የመንግሥት ሠራተኞች ወደየመሥሪያ ቤታቸው የሚያልፉበት ሥፍራ ነው። አደባባዩ ይህን ስያሜ ያገኘው ሜክሲኮ የፋሽስት ኢጣሊያን ወረራ ተቃውማ በመንግሥታቱ ማኅበር ከኢትዮጵያ ጎን በመቆሟ ለወዳጅነቱ መታሰቢያ እንዲሆን ነው። ከዚሁ ሥፍራ በጦር ኃይሎች በኩል ወደ ምዕራብ የሚወጣው መንገድ ወደ ወሊሶና ወደ ጅማ ያመራል። በተቃራኒው አቅጣጫ በእግር ጥቂት ደቂቃ ሲኬድ ደግሞ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቴአትር ይገኛል። የአንጋፋው ድምፃዊ የጥላሁን ገሠሠ የሕይወት ጉዞ ከወሊሶ ተነሥቶ እስከ ቴአትር ቤቱ መድረክ የዘለቀ ነበር።

ጥላሁን ከአባቱ ከአቶ ገሠሠ ወልደ ኪዳንና ከእናቱ ከወይዘሮ ጌጤ ጉርሙ መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም በመስቀል በዓል ዕለት አዲስ አበባ ውስጥ ተወለደ። በልጅነቱ ወሊሶ ከሚኖሩት አያቱ ዘንድ ሄዶ በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ትምህርቱን ሲከታተል ዝንባሌው ከቀለም ትምህርት ይልቅ ወደ ዜማ አደላ። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር የነበሩት ሱዳናዊ መምህርም ተሰጥኦውን ተመልክተው እንዲገፋበት አበረታቱት።

የሀገር ፍቅር ቴአትር ከያንያን እነ ኢዮኤል ዮሐንስና እነ ወይዘሮ ንጋቷ ከልካይ ወደ ወሊሶ ተጉዘው ዝግጅታቸውን ባቀረቡ ጊዜ ታዳጊው የወደፊት መንገዱን ወሰነ። በሙያው መሰማራት ከፈለገ ወደ አዲስ አበባ መምጣት እንዳለበት ከኢዮኤል ዮሐንስ ምክር ካገኘ በኋላ ትምህርቱን አቋርጦ በእግሩ ጉዞ ጀመረ። ቱሉ ቦሎ ከዘመድ ቤት ቢያድርም አያቱ ደርሰውበት ወደ ወሊሶ ተመለሰ። ይሁን እንጂ በአያቱ ቤት ከአንድ ሌሊት በላይ አልቆየም፤ በጭነት መኪና ላይ ተደብቆ እንደገና ወደ ዋና ከተማዋ አቀና።

በ1927 ዓ.ም የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ወጣቱን ድምፃዊ ተቀብሎ የመጀመሪያውን መድረክ ሰጠው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የዘመኑ ታላቅ የሙዚቃ ክፍል ወደነበረው የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተዛወረ። በዚያም እንደ ሣህሌ ደጋጎ ካሉ የዜማና የቅንብር ባለሙያዎች ጋር የመሥራት ዕድል አገኘ። ብዙነሽ በቀለና በኋላም ማሕሙድ አሕመድ ስማቸው የገነነው በዚሁ ኦርኬስትራ ነበር። የክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል አባል መሆን ደመወዝን፣ የተሟላ የሙዚቃ መሣሪያንና ክብርን የሚያስገኝ ቢሆንም በወታደራዊ ሥርዓትና ትእዛዝ ሥር መተዳደርንም የሚጠይቅ ነበር።

የዚህ ትስስር ዋጋ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም በግልጽ ታየ። የክብር ዘበኛ አዛዥ በነበሩት በብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና በወንድማቸው በገርማሜ ንዋይ የተመራው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሲከሽፍ ጥርጣሬው ጦሩን ብቻ ሳይሆን የጦሩን የሙዚቃ ሰዎችም ነካ። ጥላሁንም ተይዞ ለተወሰነ ጊዜ ታሰረ። በወቅቱ ዕድሜው 20 ዓመት ብቻ ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሲዘምር የነበረው ወጣት የእስር ቤትን ሕይወት የቀመሰው ገና በሙያው መባቻ ላይ ነው። ከእስር ከወጣ በኋላ ግን ሙያውን አልተወም፤ በሕዝብ ዘንድ የነበረው ተወዳጅነትም ከቀድሞው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

እስከ 1960ዎቹ መባቻ ድረስ ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት ለሀገር ፍቅር የተሰጠ በመሆኑ የድምፃውያኑ ሥራዎች በአብዛኛው ለሕዝብ የሚደርሱት በመድረክና በሬዲዮ ነበር። በ1961 ዓ.ም ወጣቱ ነጋዴ አምኃ እሸቴ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ይህ አሠራር ተለወጠ። ሌሎች አሳታሚዎችም ተከተሉት። በእነዚሁ ዓመታት ፊሊፕስ ኩባንያ ያሳተማቸው የጥላሁን ሸክላዎች በየቡና ቤቱና በየመኖሪያ ቤቱ ተደመጡ። ድምፃዊው በኦርኬስትራው ስም ብቻ መታወቁ ቀርቶ በራሱ ስም የሚጠራና ሥራው በገበያ የሚፈለግ ባለሙያ ሆነ።

የ1966 ዓ.ም አብዮት የዘውዱን ሥርዓት ሲያስወግድ ክብር ዘበኛም ከነስሙ ታሪክ ሆነ። የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የከተማዋ የምሽት ሕይወት ቀዘቀዘ። ይተዳደሩበት የነበረውን ተቋም ላጡ ሙዚቀኞች ወቅቱ ፈታኝ ነበር፤ ከአገር የወጡም ሆነ ሙያቸውን የተዉ አልጠፉም። ጥላሁን በአገሩ ቆይቶ በብሔራዊ ቴአትር መድረክ መሥራቱን ቀጠለ። በ1948 ዓ.ም የንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ የዘውድ በዓል ሲከበር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የተከፈተው ይህ ቴአትር ቤት ለጥላሁን አዲስ መጠጊያ ሆነለት። በሸክላ ምትክ የመጣው ካሴትም ድምፁን ከመዲናዋ ርቀው በሚገኙ ከተሞችና ገጠሮች ሁሉ አዳረሰ።

ጥላሁን በሥራዎቹ ፍቅርን፣ ናፍቆትን፣ የአገርን ክብርና የወገንን መከራ አዚሟል። በአማርኛ ብቻ ሳይወሰን በኦሮምኛም ተጫውቷል። ቃላትን አጥርቶ የማውጣት ችሎታው፣ የድምፁ ጉልበትና ዜማውን ከልቡ ሆኖ የማቅረብ ልማዱ በኋላ ለተነሡ ድምፃውያን መለኪያ ሆነዋል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተጀመረው ዝናው በደርግም ሆነ ከ1983 ዓ.ም በኋላ ሳይደበዝዝ በሦስት ሥርዓተ መንግሥታት ዘልቋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ላበረከተው አስተዋጽኦ የክብር ዶክትሬት ዲግሪ ሰጥቶታል። በፈረንሳይ አገር በተከታታይ የወጣው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስብ፣ ኢትዮፒክስ፣ 17ኛ ቅጹን ለእርሱ ሥራዎች ብቻ በማዋሉም የውጭ አገር አድማጮች ሊያውቁት ችለዋል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት የሕመም ዓመታት ነበሩ። የስኳር በሽታ አንድ እግሩን አሳጣው። ሆኖም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖም ሕዝብ ፊት ቀርቧል። ከአሜሪካ ወደ አገሩ ከተመለሰ ብዙም ሳይቆይ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም በትንሣኤ በዓል ዕለት በ68 ዓመቱ አረፈ። በመስቀል በዓል የተጀመረው ሕይወት በፋሲካ ተፈጸመ።

ከአራት ቀናት በኋላ ሚያዝያ 15 ቀን በመስቀል አደባባይ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ የተሰናበተው ሲሆን፣ ሥርዓተ ቀብሩም በብሔራዊ ደረጃ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተፈጽሟል። በ20 ዓመቱ በመንግሥት ተጠርጥሮ የታሰረው ድምፃዊ በ68 ዓመቱ በመንግሥት ክብር ተሸኘ። በእነዚህ 48 ዓመታት ውስጥ የዘፈነባቸው ተቋማት ስማቸው ተለውጧል፤ አንዳንዶቹም ፈርሰዋል። ከወሊሶ በጭነት መኪና ተደብቆ የመጣው ልጅ ድምፅ ግን ዛሬም በሜክሲኮና በአካባቢው በታክሲዎችና በሻይ ቤቶች ይደመጣል።