አሚሊያ ኤርሃርትና የተሰበረው የአውሮፕላን እግር

ስለ አሚሊያ ኤርሃርት ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያወራው ስለ አጠፋፏ ነው። ከነአውሮፕላኗ ባሕር ላይ ጠፍታ የቀረች ሴት እየተባለች ስሟ ይጠራል። እኛ ግን በዚህ ዓምድ የምናተኩረው ከመጥፋቷ ሦስት ወር ተኩል ያህል ቀደም ብሎ በተሰበረ አንድ የአውሮፕላን እግር ላይ ነው። ለምን ቢሉ፣ የኋለኛው መከራ ከዚያ ስብራት ጋር የተያያዘ መስሎ ስለሚታየን ነው።

አሚሊያ የተወለደችው ጁላይ 24 ቀን 1897 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ፣ በካንሳስ ግዛት፣ አቺሰን በምትባል ከተማ ነው። በ1921 ኔታ ስኑክ ከምትባል ሴት አብራሪ ዘንድ መብረር ተማረች፤ በዚያው ዓመትም አንዲት ትንሽ ቢጫ አውሮፕላን ገዛች። በኋላ ግን ኪስ ሲሳሳ አውሮፕላኗ ተሸጠች። ለእኛ ለማስተማር ሙያ ሰዎች የሚጥመን ቀጥሎ ያለው ነው፤ ቦስተን ከተማ ውስጥ ዴኒሰን ሃውስ በተባለ የማኅበራዊ አገልግሎት ድርጅት ተቀጥራ ለስደተኛ ቤተሰቦች እንግሊዝኛ ታስተምር ነበር። በ1928 አትላንቲክን በአየር እንድትሻገር የተጋበዘችው እዚያው ስትሠራ ነው። መሪውን የያዘው ግን ሌላ ሰው ነበርና እሷ ተሳፋሪ ብቻ ነበረች። በ1932 ብቻዋን ተነሥታ ከኒውፋውንድላንድ ሰሜን አየርላንድ ገባች፤ 15 ሰዓት ያህል ፈጀባት።

አሁን ወደ ጎማው እንምጣ። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሁለት ትልልቅ ጎማዎች ከፊት፣ አንዲት ትንሽ ጎማ ወይም መንሸራተቻ ደግሞ ከጭራ ሥር ነበራቸው። ችግሩ ክብደቱ ከትልልቆቹ ጎማዎች በስተኋላ መዋሉ ነው። ጋሪ የገፋ ሰው ይህ ይገባዋል። ጋሪ ሲጎትቱት ተከትሎ ይመጣል፤ ከኋላ ሲገፉት ግን አንዴ ወደ ጎን ከዞረ መዞሩ እየባሰ ይሄዳል። አውሮፕላንም መሬት ላይ ሲንደረደር ትንሽ ከጠመመ፣ የኋላው ክብደት መግፋቱን ስለማይተው ጥመቱን ያብሰዋል። እግሩ ደግሞ የተሠራው ከላይ የሚመጣውን ክብደት እንዲችል ነው እንጂ ከጎን ለሚመጣ ግፊት ያን ያህል አይደለም። ታዲያ ይሰበራል። አሚሊያ ይህን በ1928 ቀምሳዋለች፤ ፒትስበርግ ላይ ስታርፍ ያላየችው ቦይ ውስጥ ገብታ የአውሮፕላኗ እግር ተሰባብሯል።

በ1936 በፐርድዩ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ሎክሂድ ኤሌክትራ የተባለች ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን አገኘች። በምድር ወገብ አካባቢ ዓለምን ልትዞር ነው! ማርች 17 ቀን 1937 ከካሊፎርኒያ ተነሥታ ሆኖሉሉ ገባች። ማርች 20 ቀን ንጋት ላይ 3,400 ሊትር ያህል ቤንዚን ጭና ወደ ሃውላንድ ደሴት ለመነሣት ተንደረደረች። አውሮፕላኗ ወደ ቀኝ አዘነበለች። አሚሊያ የግራውን ሞተር ጉልበት ቀነሰች፤ በዚህ ጊዜ ወደ ግራ ተጠመዘዘችባት። የቀኙ እግር ተሰበረ፤ ኤሌክትራ በሆዷ መሬቱን እየፋቀች ሄዳ ቆመች። ቤንዚን ፈሰሰ፤ እሳት ግን አልተነሣም፣ ሰውም አልተጎዳ።

ጥፋቱ የማን ነው? አንዳንዱ ጎማ ፈንድቶ ነው አለ። አማካሪዋ ፖል ማንትዝ ግን በሞተሮቹ ጉልበት ልታቃናት ስትል አብዝታው ነው ባይ ነበር። ለእኛ ሁለቱ አይጣሉም። ጥመቱ ከምንም ይነሣ ከምን፣ ያን ያህል በተጫነች አውሮፕላን ላይ ማረሚያው ከበዛ ራሱ ሌላ ጥመት ይሆናል (ደብተር የሚያርም ሰው ይህን ሳያውቀው አይቀርም)።

አውሮፕላኗ በመርከብ ወደ ካሊፎርኒያ ተመልሳ ተጠገነች። ሁለት ወር አለፈ። የአየሩ ወቅት ስለተለወጠ ጉዞው ወደ ምሥራቅ እንዲሆን ተወሰነ። ትልቁ ነገር እንግዲህ ይህ ነው። በመጀመሪያው ዕቅድ ያችን ሚጢጢ ሃውላንድን መፈለግ የሚመጣው ገና ሰውም ማሽንም ሳይደክም፣ የሞርስ ራዲዮ አዋቂው ሃሪ ማኒንግም አብሮ ሳለ ነበር። በአዲሱ ግን ወደ መጨረሻው ተገፋ። ማኒንግ ፈቃዱ አልቆ ቀርቷል። ከአሚሊያ ጋር የዘለቀው ናቪጌተሩ ፍሬድ ኑናን ብቻ ነው።

ጁን 1 ቀን ከማያሚ ተነሡ፤ በደቡብ አሜሪካ በኩል አፍሪካ ገቡ። ፎርት ላሚ (የዛሬዋ ንጃሜና) ላይ የአውሮፕላኗ እግር እንደገና አስቸገረ፤ ሾክ አብዞርበሩ አፍስሶ እስከ ከሰዓት በኋላ አቆያቸው። ከካርቱም ወደ ምጽዋ፣ ከምጽዋ ወደ አሰብ አለፉ። ያኔ ኤርትራ በኢጣልያ እጅ ነበረች፤ ኢትዮጵያም በወረራ ሥር ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ጁን 15 ካራቺ ደረሱ።

ጁላይ 2 ቀን ከኒው ጊኒ፣ ከላኤ ከተማ ተነሡ። ሃውላንድ 4,100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የደሴቲቱ ርዝመት ደግሞ 3 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚያ የሚጠብቃት ኢታስካ የተባለው መርከብ ድምፅዋን ሰማ፤ እሷ ግን የእሱን በቅጡ አልሰማችም። አልደረሱም።

በኦክቶበር 1937 አንድ የእንግሊዝ ሹም ኒኩማሮሮ በተባለው ደሴት ዳርቻ ያነሣው ፎቶግራፍ አለ። ከውሃው ብቅ ያለች አንዲት ነገር ትታይበታለች። ይህች ነገር የኤሌክትራ እግርና ጎማ ናት የሚሉ መርማሪዎች አሉ። ምስሉ ግን እጅግ ትንሽና ደብዛዛ ነው፤ ነገሩም አልተረጋገጠም፣ አውሮፕላኗም አልተገኘችም።