ኦሊቨር ሄቪሳይድ፤ ለኢምፔዳንስ ስም ያወጣው ሰው

በአምፕሊፋየር ጀርባና በስፒከር ሳጥን ላይ 4፣ 6 ወይም 8 ኦም ተብሎ የሚጻፈው ልክ ኢምፔዳንስ ይባላል። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1886 ያወጣው እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። የድምፅ መሣሪያ ሠራተኛ ሁሉ በየዕለቱ የሚጠራውን ቃል የሰጠን ሰው፣ በልጅነቱ ስካርሌት ፊቨር ይዞት ጆሮው የደከመ መሆኑ ያስገርማል።

ሄቪሳይድ በ1850 ለንደን ውስጥ ካምደን ታውን በሚባል ሰፈር ከድኻ ቤተሰብ ተወለደ። በ16 ዓመቱ ትምህርቱን አቋረጠ፤ የአክስቱ ባል ዝነኛው ቻርልስ ዊትስቶን ስለነበረ የቴሌግራፍ ሙያ ያዘ። በዴንማርክና በኒውካስል ካገለገለ በኋላ በ1874 ሥራውን ለቆ ወላጆቹ ቤት ገባ፤ ከዚያ ወዲህ መደበኛ ሥራ አልያዘም። የማክስዌልን ድርሳን ብቻውን አጠና። የማክስዌል እኩልዮሾች ዛሬ የምናውቀውን የአራትነት መልክ ያገኙት በተለይ በእርሱ ብዕር ነው።

ትልቁ ፈተና የመጣበት በ1887 ነው። በስልክ መስመር ላይ ኢንዳክታንስ ቢጨመር ንግግር ሳይዛባ ሩቅ እንደሚደርስ በስሌት አሳየ። በእንግሊዝ ፖስታ ቤት ከፍተኛ የቴሌግራፍ ባለሥልጣን የነበረው ዊልያም ፕሪስ ግን ኢንዳክታንስን እንደ ጠላት ይቆጥር ነበርና፣ ሄቪሳይድ ከወንድሙ ከአርተር ጋር ያዘጋጀው ጽሑፍ እንዳይታተም ከለከለ። ሥልጣን ስሌትን ሲረታ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በኋላ የመስመር ጥቅል ሽቦውን ፓተንት ያስመዘገበው አሜሪካ የሚኖረው ፑፒን ሆነ፤ ገንዘቡም ወደ እርሱ ሄደ። በአገራችን ደግሞ ዐፄ ምኒልክ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ያስዘረጉት በዚያው በ1890ዎቹ ነበር። በምሰሶ ላይ የሚዘረጋ ሽቦ ከመሬት ውስጥ ኬብል ይልቅ ካፓሲታንሱ አነስተኛ፣ ኢንዳክታንሱም ከፍተኛ በመሆኑ ፕሪስ የጠላው ነገር ለእንዲህ ያለው መስመር በተፈጥሮው ረዳት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። በረጅም የስልክ መስመር ማጣጣም ማለት ሞገዱ እንዳይመለስ የመስመሩንና የተቀባዩን ኢምፔዳንስ እኩል ማድረግ ነው። ይህንኑ ሕግ ወደ ቤት ቲያትር የሚያዞሩት የሙያ ጓደኞች ጥቂት አይደሉም፤ ስሕተት ነው። የዘመኑ አምፕሊፋየር የራሱ የመውጫ ኢምፔዳንስ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ኦም በእጅጉ ያነሰ ነው። ከስፒከሩ ጋር እኩል ቢሆን ኖሮ ግማሹ ኃይል እዚያው አምፕሊፋየሩ ውስጥ ሙቀት ሆኖ በቀረ ነበር። ከጀርባው የሚጻፈው 8 ኦም የሚነግረን መሣሪያው ሊሸከመው የሚችለውን ዝቅተኛ ጭነት ነው። ባምቢስ አካባቢ ባለ አንድ ሳሎን ውስጥ፣ ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች በአንድ መውጫ ላይ ጎን ለጎን በፓራለል ታሰሩ እንበል። ጭነቱ 4 ኦም ይሆናል፤ በዚያው ቮልቴጅ ከረንቱ ከአንድ ስፒከር እጥፍ ይሆናል፤ ድምፁ ከፍ ሲል መከላከያው መስመሩን ይቆርጣል ወይም የመውጫው ትራንዚስተሮች ይቃጠላሉ። በሴሪ ቢታሰሩ ጭነቱ 16 ኦም ነው፤ አደጋ የለውም፣ ጠቅላላ ኃይሉ ግን አንድ ስፒከር ብቻ ከሚወስደው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ባለ 8 ኦሙ ስፒከር በቴስተር ሲለካ 6 ኦም ገደማ ቢያሳይም ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ቴስተሩ የጥቅል ሽቦውን ተራ ሬዚስታንስ ብቻ ያነባል፤ ኢምፔዳንሱ ከፍሪኩዌንሲው ጋር ይለዋወጣል፤ ሬዞናንስ ላይ ብዙ እጥፍ ሊወጣ ይችላል።

ሄቪሳይድ በ1891 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ፤ በ1896 በዓመት 120 ፓውንድ የመንግሥት ጡረታ ተቆረጠለት። በ1902 የራዲዮ ሞገድን ወደ ምድር የሚመልሰውን የሰማይ ንብርብር ተነበየ። በ1922 የእንግሊዝ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር የፋራዴይን ሜዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሸልም መረጠው፤ የማኅበሩም ፕሬዚዳንት ሜዳዩን ይዘው ብቻውን ወደሚኖርበት ወደ ቶርኪ ተጓዙ። በ1925 ከመሰላል ወድቆ ብዙም ሳይቆይ አረፈ፤ የተቀበረውም በፔይንተን ነው።