ቪንሰንት ቫን ጎግና የሚሌ ገበሬዎች

በትምህርት ቤታችን ኩረጃ ክልክል ነው። በሥዕል ክፍል ግን ልጆቻችን የሌላ ሰው ሥዕል ፊታቸው አስቀምጠው፣ ወረቀቱን በእርሳስ ካሬ ካሬ ከፋፍለው ሲገለብጡ ይውላሉ። ይህ ለምን ተፈቀደ ለሚሉ ወላጆች የቪንሰንት ቫን ጎግን ሕይወት ባወጋ ይሻላል።

ቪንሰንት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1853 በኔዘርላንድስ፣ ዙንደርት በምትባል መንደር ከፕሮቴስታንት ቄስ ቤት ተወለደ። በ16 ዓመቱ ሥዕል በሚሸጥ ድርጅት ተቀጠረ፤ በኋላ ተሰናበተ። ቤልጅግ ውስጥ ለከሰል ማዕድን ሠራተኞች ወንጌል ሰበከ፤ እዚያም አልቆየም። ሠዓሊ ልሁን ብሎ ሲቆርጥ 27 ዓመት ሆኖት ነበር።

መምህር አድርጎ የያዘው በአካል አግኝቶት የማያውቀውን ፈረንሳዊ ዣን ፍራንስዋ ሚሌን ነው። ሚሌ የገበሬ ልጅ ነበርና ገበሬን ሳያሳምር፣ ድካሙን ሳይደብቅ ይሥል ነበር። "ዘሪው" የተባለው ሥዕሉ አንድ ሰው በሰፊው እየተራመደ ዘር ሲበትን ያሳያል። አገር ቤት ጤፍ ሲዘራ ያየ ሰው አካሄዱን ወዲያው ያውቀዋል። ቪንሰንት ይህን ሥዕል ከኅትመት ላይ ደጋግሞ በእርሳስ ቀዳው። በእኛም አገር የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ እጁን የሚያፍታታው ከመምህሩ ሥዕል እየቀዳ አይደል?

የዘይት ቀለም የመጣው ቆይቶ ነው። በ1881 መጨረሻ ሠዓሊ የነበረው ዘመዱ አንቶን ሞቭ አጀማመሩን አሳየው። የዘይት ቀለም ማለት የተፈጨ ቀለም በተልባ ዘይት የተለወሰ ነው፤ ቶሎ ስለማይደርቅ ማረም ይቻላል፤ ትዕግሥት ለሌለው ግን ይጨቀይበታል። ቪንሰንት በዚህ ቀለም ብዙ የገበሬ ፊቶች ሣለና በ1885 "ድንች በሊታዎች" የተሰኘውን ሥዕል ጨረሰ። ወዳጁ ሠዓሊ ቫን ራፓርድ የሰዎቹ አካል ተበላሽቷል ብሎ ክፉኛ ነቀፈው፤ ወዳጅነታቸውም በዚሁ ሻከረ።

በ1889 ታሞ በደቡብ ፈረንሳይ ሳን ሬሚ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ማረፊያ ገባ። እዚያ ቁጭ ብሎ የሚሣልለት ሰው እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ ወደ ድሮ መምህሩ ተመለሰ። ወንድሙ ቴዎ የላከለትን ኅትመቶች ይዞ ከሚሌ ሥራዎች 21 ያህሉን በዘይት ቀለም ሣለ። ኅትመቶቹ ጥቁርና ነጭ ነበሩ። የሰውነቱ አቋም የሚሌ ነው፤ ቢጫውና ሰማያዊው ግን የራሱ። እኔ ከኩረጃ የምለየው እዚህ ላይ ነው፤ የኮረጀ ልጅ ከወረቀቱ የሚጨምረው የለውም።

በጥር 1890 "የመጀመሪያ እርምጃ" የተባለውን ሥዕል ሣለ። አባት መሬት ላይ ተንበርክኮ እጁን ዘርግቷል፤ እናት ሕፃኗን ደግፋ ወደ እሱ ትለቃታለች። ቪንሰንት የሚሌን ሥዕል ፎቶግራፍ ልክ እንደ ልጆቻችን ካሬ ካሬ ከፋፍሎ ነው ወደ ሸራው ያሻገረው። የቴዎ ባለቤት ዮሐና በዚያ ወቅት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ በወሩ መጨረሻ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ስሙንም ቪንሰንት አሉት።

አጎትየው በዚያው ዓመት ሐምሌ በ37 ዓመቱ አረፈ፤ ቴዎም ስድስት ወር ቆይቶ ተከተለው። ሥዕሎቹን ጠብቃ ለዓለም ያሳወቀች ዮሐና ናት። ልጇ አድጎ መሐንዲስ ሆነ፤ በ1973 በአምስተርዳም ለተከፈተው የቫን ጎግ ሙዚየም መሠረት የሆኑትም በእሱ እጅ የቆዩት ሥዕሎች ናቸው።