ኦገስት ድቮራክ፦ የጣት ድካምና የልማድ ዋጋ

አንድ ፕሮግራመር የጽሑፍ ኤዲተሩን ያለ ማውስ፣ በቁልፍ ትዕዛዞች ብቻ መጠቀምን ለመማር ሲነሣ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ለመማር የሚያጠፋው ጊዜ በኋላ በሚያገኘው ቅልጥፍና ይካካሳልን? ጥያቄው ከኮምፒውተር በፊት፣ በጽሕፈት መኪና ዘመን የተነሣ ነው። በልኬት ለመመለስ ረጅም የሥራ ዘመናቸውን ከሰጡት ሰዎች መካከል አሜሪካዊው የሥነ ትምህርት ፕሮፌሰር ኦገስት ድቮራክ በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ ሕይወታቸውንና ሥራቸውን በመቃኘት፣ የጣትን ድካም በጥንቃቄ መለካታቸው ያስገኘውን ውጤት፣ እንዲሁም የልማድ ዋጋ በተመሳሳይ ጥንቃቄ አለመለካቱ ያስከተለውን ክርክር ያሳያል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ድቮራክ በ1894 በሚኒሶታ ግዛት በምትገኘው የግሌንኮ ከተማ ተወለዱ። በሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በማስተማር ላይ ሳሉ፣ ገርትሩድ ፎርድ በታይፕ ጽሕፈት ስሕተቶች ላይ ለምታዘጋጀው የማስተርስ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፍ አማካሪ ሆኑ። ለቁልፍ ሰሌዳ ያደረባቸው ፍላጎት የሚጀምረው ከዚህ የማማከር ሥራ ነው። የስሕተቱ ምንጭ የጸሐፊው ድክመት ብቻ ሳይሆን የፊደላቱ አሰላለፍም ጭምር ነው ወደሚል ድምዳሜ ደረሱ።

በጊዜው የተለመደው አሰላለፍ ክሪስቶፈር ሾልስ ከባልደረቦቻቸው ጋር የቀየሱትና በ1874 በሬሚንግተን ኩባንያ መኪና ለገበያ የቀረበው፣ በላይኛው ረድፍ የመጀመሪያ ፊደላት «ክዌርቲ» ተብሎ የሚጠራው ነው። ጣቶች በሚያርፉበት የመካከለኛ ረድፍ ላይ ከእንግሊዝኛ አናባቢዎች መካከል የሚገኘው «ኤ» ብቻ ነው። በመሆኑም እንግሊዝኛ ሲጻፍ ከመቶ 32 ገደማ የሚሆነው ምት ብቻ በመካከለኛው ረድፍ ላይ ይውላል፤ ከግማሽ የሚበልጠው ጣትን ወደ ላይ ይጠራል።

ድቮራክ ከአማታቸው ወገን ከሆኑት ከዊልያም ዲሊ ጋር በመተባበር የፊደላትንና የጥንድ ፊደላትን ድግግሞሽ መረመሩ፤ የጸሐፊዎችን እጅ እንቅስቃሴም በዝግታ በሚታይ ፊልም አጠኑ። ዘዴው ፍራንክና ሊሊያን ጊልብሬዝ የሠራተኛን እንቅስቃሴ ለማጥናት ካዳበሩት አካሄድ ጋር የተያያዘ ነበር። ከጥናቱ የወጡት መርሖች ግልጽ ናቸው፦ አዘውትረው የሚመጡ ፊደላት በመካከለኛው ረድፍ ይስፈሩ፤ ሁለቱ እጆች በተቻለ መጠን ይፈራረቁ፤ እምብዛም የማይመጡት ፊደላት ወደ ታችኛው ረድፍ ይውረዱ። በዚህ መሠረት አምስቱ አናባቢዎች በግራ እጅ መካከለኛ ረድፍ ላይ ተሰለፉ። በአዲሱ ሰሌዳ ከመቶ 70 ገደማ የሚሆነው ምት በመካከለኛው ረድፍ ላይ ያርፋል። የፈጠራ መብት ማመልከቻው በ1932 ቀርቦ በ1936 ጸደቀ። በዚያው ዓመት ድቮራክ፣ ኔሊ ሜሪክ፣ ዲሊና ፎርድ በጋራ የጻፉት የታይፕ ጽሕፈት ባሕርይን የሚመለከት መጽሐፍ ታተመ።

በ1930ዎቹ በአዲሱ ሰሌዳ የሠለጠኑ ጸሐፊዎች በፍጥነት ውድድሮች ጥሩ ውጤት አስመዘገቡ። ሆኖም መሥሪያ ቤቶች የገዟቸው መኪኖች፣ ትምህርት ቤቶች የቀረጹት ሥልጠናና ጸሐፊዎች ያካበቱት ልማድ በሙሉ በቀድሞው አሰላለፍ ላይ የቆሙ ነበሩ። ስለዚህ ቁም ነገሩ የትኛው ሰሌዳ ይሻላል የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ አንዱን የለመደ ሰው ወደ ሌላው ሲዛወር ምን ያህል ይከፍላል የሚለውም ሆነ።

በ1944 የአሜሪካ ባሕር ኃይል 14 ጸሐፊዎችን በድቮራክ ሰሌዳ እንደገና በማሠልጠን ባካሄደው ሙከራ፣ የሥልጠናው ወጪ በአጭር ጊዜ እንደሚመለስ የሚገልጽ ዘገባ ወጣ። ይሁን እንጂ የፈጠራው ባለቤት ድቮራክ በዚያ ወቅት በዚያው ባሕር ኃይል በሌተናንት ኮማንደር ማዕርግ የሥራ ጊዜና እንቅስቃሴ ጥናት ባለሙያ ነበሩ። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ሊቦዊትዝና ማርጎሊስ በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንን የጥቅም ግጭትና የንጽጽር ቡድኖቹን አለመመጣጠን ነቅፈዋል። በ1956 ኧርል ስትሮንግ ለፌዴራል መንግሥት ባካሄዱት ሙከራ ደግሞ፣ የተዛወሩት ጸሐፊዎች የቀድሞ ፍጥነታቸውን ለመመለስ በቀን 4 ሰዓት እየሠለጠኑ ከ25 ቀናት በላይ ወሰደባቸው፤ ከዚያም በኋላ በቀድሞው ሰሌዳ ተጨማሪ ሥልጠና ያገኙትን ሊበልጡ አልቻሉም። የድቮራክ ደጋፊዎችም በበኩላቸው ስትሮንግን በአድሏዊነት ይከሷቸዋል። ሁለቱም ሙከራዎች በጥቂት ሰዎች ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸው ክርክሩን አልዘጉትም።

ድቮራክ አንድ እጃቸውን ላጡ ሰዎች የሚያገለግሉ የግራና የቀኝ እጅ ሰሌዳዎችንም ቀይሰዋል። እዚህ ላይ የልማድ ሚዛን ይለወጣል፤ አንድ እጁን ያጣ ጸሐፊ የሁለት እጅ ልማዱን ይዞ መቀጠል ስለማይችል፣ አዲሱን መማር ለማንኛውም የማይቀርለት ዕዳ ነው። ፕሮፌሰሩ በ1975 አረፉ። አሰላለፋቸው በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ተቋም ዕውቅና ያገኘው ከሞቱ ከ7 ዓመታት በኋላ፣ በ1982 ነው።

ባረፉ በዓመቱ፣ በ1976፣ ቢል ጆይ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ዛሬም ድረስ አገልግሎት የሚሰጠውን «ቪአይ» የተባለ ኤዲተር ሠሩ። በዚህ ኤዲተር ጠቋሚውን ወደ ግራ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይና ወደ ቀኝ የሚያንቀሳቅሱት «ኤች»፣ «ጄ»፣ «ኬ» እና «ኤል» ናቸው። የተመረጡትም ጆይ የሠሩበት ተርሚናል ቀስቶቹን በእነዚሁ ቁልፎች ላይ ስላተመ ነው። እጅ ከመካከለኛው ረድፍ ሳይለቅ እንዲሠራ ማድረጉ ከድቮራክ መርሕ ጋር ይስማማል፤ ነገር ግን ያው ኤዲተር በድቮራክ ሰሌዳ ሲሠራበት አራቱ ቁልፎች ይበታተናሉ። «ኤች» በቀኝ እጅ አመልካች ጣት ሥር ይውላል፤ «ጄ» እና «ኬ» ጎን ለጎን ሆነው ወደ ግራ እጅ ታችኛ ረድፍ ይወርዳሉ፤ «ኤል» ወደ ላይኛው ረድፍ ቀኝ ዳር ይወጣል።

ከዚህ የቁልፍ ትዕዛዞች ሁለት ወገን መሆናቸውን መረዳት ይቻላል። አንደኛው ወገን በቦታ የሚታወስ ነው፤ አሰላለፉ ሲለወጥ ትርጉሙን ያጣል። ሁለተኛው በስም የሚታወስ ነው፤ በ«ቪአይ» መሰረዝ በእንግሊዝኛው ቃል መነሻ «ዲ»፣ ቃል ደግሞ በ«ደብሊው» ስለሚወከሉ፣ ሁለቱ ተከታትለው ሲመቱ አንድ ቃል ይሰረዛል፤ 3 ቁጥር ከቀደመ ሦስት ቃላት ይሰረዛሉ። ይህኛው ሰሌዳው ቢለወጥም በአእምሮ ይጸናል፤ እንደገና መማር ያለበት ጣት ብቻ ነው። ተማሪው በስም ከሚታወሱት ቢጀምር ልፋቱ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ አብሮት ይሻገራል።

ጉዳዩ በአማርኛ ለሚሠራም ይደርሳል። በተለመደው የድምፅ አጻጻፍ ዘዴ «ኤል» ብቻውን ሲመታ «ል»ን፣ «ዩ» ሲከተለው «ሉ»ን ይሰጣል። ከሳድስ በቀር ሌሎቹ ሆሄያት አናባቢ ቁልፍ ስለሚጠይቁና ከአናባቢዎቹ አራቱ በክዌርቲ ላይኛ ረድፍ ላይ ስለሚገኙ፣ ጣት ደጋግሞ ከመካከለኛው ረድፍ ይወጣል። ከዚህም በላይ የአማርኛ መጻፊያው እንደተከፈተ የኤዲተር ትዕዛዝ ለመስጠት ቢሞከር፣ ልዩ ማስተካከያ ካልተደረገ በቀር ኤዲተሩ የሚደርሰው የላቲን ፊደል ሳይሆን የግእዝ ፊደል በመሆኑ ትዕዛዙ አይፈጸምም። ይህን ለማሻሻል የሚነሣ ተመራማሪ እንደ ድቮራክ የሆሄያትን ድግግሞሽና የጣትን ጉዞ መቁጠር ይኖርበታል። ከዚያ በተጨማሪ ግን ነባሩን ዘዴ የለመደው ጸሐፊ ወደ አዲሱ ሲዛወር የሚያጠፋውን ጊዜ፣ በአዲሱ ዘዴ ጥቅም የሌለው ገለልተኛ አጥኚ እንዲለካው ከመጀመሪያው ማቀድ ይገባዋል።