ለቅሶ ደራሽ ያጣው ልዑል

ዕለቱ የፋሲካ ማግስት ነበር። ሁለት ወር ያህል የጾመው ሕዝብ ጾሙን ፈትቶ፣ ዘመድ ከዘመዱ እንኳን አደረሰህ በሚባባልበት ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም፣ በመቅደላ አምባ ላይ አንድ የሰባት ዓመት ሕጻን አባቱን አጣ። አባቱ ዳግማዊ አጼ ቴዎድሮስ ናቸው። ሠራዊታቸው ከሦስት ቀን በፊት፣ በዕለተ ስቅለት፣ እሮጌ ላይ ድል ሆኗል። የጄኔራል ሮበርት ናፒየር ጦር የአምባውን በር ሰብሮ ሲገባ ንጉሠ ነገሥቱ እጃቸውን ለጠላት ሳይሰጡ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸው አለፈ።

ይህን ታሪክ የማያውቅ የለም። ይፎከርበታል፣ ይዘፈንበታል፣ በመድረክ ይታያል። ፉከራው ግን የሚያበቃው ንጉሡ ሲወድቁ ነው። በአምባው ላይ የቀሩት ሚስት፣ ልጅና አሽከር እንዴት እንዳለቀሱ፣ ማን እንዳጽናናቸው የሚናገር እምብዛም የለም። የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ታሪክ የሚጀምረው ግን የአባቱ ፉከራ ካበቃበት ቦታ ነው።

ዓለማየሁ የተወለደው በ1853 ዓ.ም ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የሰሜንና የትግሬ ገዢ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። አጼ ቴዎድሮስ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው በደረስጌ ማርያም ዘውድ የጫኑት በ1847 ዓ.ም ነበር። ውቤም ታስረው ቀሩ። እቴጌዪቱ እንግዲህ አባታቸውን ያሰረውን ሰው ያገቡ ሴት ናቸው። ትዳሩም የሰመረ አልነበረም፤ ንጉሡ የመጀመሪያ ሚስታቸውን የእቴጌ ተዋበችን ኀዘን በልባቸው ይዘው እንደኖሩ ይነገራል። ያም ሆኖ ልጁ ለአባቱ የዙፋን ተስፋ፣ ለእናቱ ደግሞ መጽናኛ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ተቀበሩ። በአገሩ ወግ ንጉሥ ሲሞት ነጋሪት ይጎሰማል፤ አልቃሽ ሙሾ ታወጣለች፤ መኳንንቱ ደረታቸውን እየደቁ፣ የሟቹ ፈረስ ተጭኖ፣ ጋሻና ጦሩ ተይዞ በለቅሶው አደባባይ ይዞራል። ለቴዎድሮስ ይህ አልተደረገም። ያን ጊዜ ወታደሩ ግምጃ ቤቱን እየበረበረ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ አምባው በእሳት ጋየ። የተዘረፈው መጽሐፍ፣ መስቀልና ዘውድ በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ቀይ ባሕር ወረደ። እናትና ልጅም በዚያው ጉዞ ውስጥ ነበሩ።

እቴጌ ጥሩወርቅ ታመው ነበር። ጉዞው ሕንጣሎ አቅራቢያ ሲደርስ፣ ግንቦት 8 ቀን 1860 ዓ.ም፣ እርሳቸውም አረፉ፤ በጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። ከአባቱ ሞት እስከ እናቱ ሞት 32 ቀን ነው። የአባቱ አርባ ገና አልወጣም ነበር።

ከዚህ በኋላ ስለ ልጁ ዕጣ የወሰኑት እንግሊዞች ናቸው። የአባቱ ጠላቶች ይገድሉታል የሚል ስጋት ነበራቸው፤ አባቱም ልጃቸው በእነርሱ ዘንድ እንዲያድግ ይፈልጉ ነበር አሉ። ስጋቱ እውነትነት ነበረው፤ ቴዎድሮስ ብዙ ደም ያቃባቸው ባላባት በየአገሩ ነበር። ይሁን እንጂ በሕይወት ያለችው የእናቱ እናት፣ ወይዘሮ ላቂያዬ፣ የልጅ ልጃቸውን ለማሳደግ አልታደሉም።

ልጁን የተረከበው ካፒቴን ስፒዲ ነው። ይህ ቁመተ ረጅም እንግሊዛዊ አማርኛ ያውቃል፤ ቀደም ባለው ጊዜም በአጼ ቴዎድሮስ ዘንድ አገልግሏል፤ ያገሬው ሰው ባሻ ፈለቀ ይለው ነበር። ወደ መቅደላ የመጣው ግን የናፒየር ጦር አስተርጓሚ ሆኖ ነው። ከልጁ ጋር የተነሡት የአገሩ ሰዎች ከመንገድ እንዲመለሱ ተደረገ። በመርከቡ ላይ ልጁ ሌሊት ሌሊት ይባንን ነበር። ከስፒዲ እቅፍ ውጭ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ቀን ቀንም ከሰውየው አይለይም። አባትና እናቱን በአንድ ወር ከቀበረ ሕጻን ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ያለውን አንድ ሰው እንዳያጣ መፍራቱ ነበር።

በሐምሌ ወር 1860 ዓ.ም እንግሊዝ አገር ገባ። ንግሥት ቪክቶሪያ በኦስቦርን ቤተ መንግሥት አስጠርተው አዩት፤ ወደዱት፤ እስከ ሞቱም ድረስ ስለ እርሱ መጨነቃቸውን አልተዉም። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ዕውቅ ፎቶ አንሺ በዋይት ደሴት ፎቶ አነሣችው። የዚያ ዘመን ካሜራ ሰው ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ እንዲቀመጥ ያስገድድ ስለነበር ከፎቶው ፈገግታ መጠበቅ አይገባም። ቢሆንም ዓይኑን ያየ ሰው ቶሎ አይረሳውም። የልጁ ፎቶ ይሸጥ፣ ሕዝቡም በሄደበት ያፈጥበት ነበር። ሊያየው የሚመጣ ሰው በዛ፤ ለቅሶ ሊደርሰው የመጣ ግን አልነበረም።

ስፒዲ ሚስት አገባ፤ በሕንድ አገር ሲታፑር በምትባል ከተማ የፖሊስ ሹመት ሲያገኝም ልጁን ይዞት ሄደ። የዓለማየሁ የሰላም ዘመን ቢኖር ያ ነው። ቤት ነበረው፤ አባት መሰል ሰው ነበረው፤ ያም ሰው ቋንቋውን የሚሰማ፣ አባቱን በዓይኑ ያየ ነበር። ስፒዲ ከዚያ ወደ ፔናንግ ሲዛወርም ልጁ አብሮት ተሻገረ።

የልጁን ቀለብ የሚቆርጠው ግን የእንግሊዝ ግምጃ ቤት ነው። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሮበርት ሎው ልጁ ወደ እንግሊዝ ተመልሶ ትምህርት ቤት እንዲገባ ወሰነ። ስፒዲ ተቃወመ፤ ንግሥቲቱም ልጁን ከሚወደው ሰው መለየት ጭካኔ ነው ብለው ተከራከሩ። የሰማቸው የለም። በ10 ዓመቱ ገደማ ዓለማየሁ ሦስተኛ ወላጁን አጣ፤ ይኸኛው በሞት ሳይሆን በደብዳቤ ነው።

ወደ ቼልተንሃም ተወስዶ በትምህርት ቤቱ ኃላፊ በዶክተር ጄክስ ብሌክ ቤት ተቀመጠ። ጄክስ ብሌክ ወደ ራግቢ ትምህርት ቤት ሲዛወርም ተከትሎ ሄደ። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። አለበሱት፣ አበሉት፣ አስተማሩት። በጨዋታ ጎበዝ፣ በጠባዩ ጨዋ ነበር፤ በመጽሐፉ ግን አልገፋም። አማርኛውም የሚናገርበት ሰው አጥቶ ከአንደበቱ ጠፋ።

ከኢትዮጵያ ደብዳቤ ይመጣ ነበር። አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ ለልጅ ልጃቸውም፣ ለንግሥት ቪክቶሪያም ጽፈዋል። ባል፣ ልጅና አማች ያለቁባቸው ሴት የቀረቻቸውን አንዲት ፍሬ ደኅንነት ይጠይቃሉ። ቋንቋው የጠፋበት ልጅ የአያቱን ደብዳቤ ያለ አስተርጓሚ ሊያነበው አይችልም። ሁለት ኀዘንተኞች በሁለት አህጉር ቀሩ። በአንድ ጎጆ ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ አያት ለልጁ አባቱ ማን እንደነበሩ፣ በምን እንደሚቆጡ፣ በምን እንደሚስቁ፣ ለምን እንዳለፉ በልጅ አእምሮ ልክ በነገሩት፤ እርሱም በጭናቸው ላይ ሆኖ ባለቀሰ።

እዚህ ላይ ከታሪኩ ጥቂት ወጣ ልበል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ700 ሺህ በላይ ሰዎች በገዛ እጃቸው ሕይወታቸው ያልፋል፤ ከእያንዳንዳቸው ጀርባ እናት፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ጓደኛ አለ። የንጉሥ ሲሆን በአደባባይ የሚነገረው ሞት በአንድ ገበሬ ወይም በአንድ የከተማ ነዋሪ ቤት ሲደርስ በሹክሹክታ ይሸፈናል። ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ዕድሩም ግዴታውን ይወጣል፤ የሟቹ ስም ግን አይነሣም። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ምን አድርገውት ነው ይባባላል። ስለ ፍትሐቱ እንኳ ጥያቄ ይነሣል። ቤተሰቡ ድንገተኛ ሕመም ነው ይላል፤ ልጆቹ አባታችሁ ሩቅ አገር ሄደ ተብለው ያድጋሉ፤ እውነቱንም አንድ ቀን ከሰፈር ልጅ ስድብ ይሰሙታል።

በዚህ ዓይነት ኀዘን ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚሉት ውስብስብ አይደለም። እንዲህ ያለ ኀዘን ከሌላው ኀዘን የሚለየው እንቅልፍ በሚነሳ ጥያቄ ነው፦ ያን ቀን ባልወጣ ኖሮ፣ ያን ቃል ባልተናገርኩ ኖሮ። ሕጻን ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ያስባል፤ አፍ አውጥቶ ግን አይናገርም። ስለዚህ በእርሱ ምክንያት እንዳልሆነ ደጋግሞ ሊነገረው ይገባል። እውነቱም በአጭርና በቀላል ቃል፣ ከሚያምነው ሰው አፍ ሊደርሰው ይገባል። ኀዘንተኛውን እንዴት ሆነ፣ በምን ሆነ ብሎ መመርመር ቁስል መነካካት ነው፤ የሟቹን ደግነት እያነሡ ማጫወት ግን ማጽናናት ነው። ከሁሉም የሚከብደው ጊዜ ድንኳኑ ከፈረሰ፣ ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ያለው ነው። ጎረቤት ቡና አፍልቶ መጥራት ያለበት፣ እርሻው ላይ ደቦ መውጣት ያለበት ያን ጊዜ ነው። ኀዘንተኛው መብልና እንቅልፍ ከተወ፣ ወይም እኔም ልከተለው የሚል ቃል ከወጣው፣ ለብቻው ሳይተዉ ወደ ጤና ጣቢያ ይዘውት መሄድ ይገባል።

ዓለማየሁ ከዚህ ሁሉ ጥቂቱን በስፒዲ እጅ አግኝቶ ነበር፤ ተነጠቀ። በ1870 ዓ.ም ገደማ በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። አባቱ መድፍ ሊያስቀልጡና ሊያሠሩ የተመኙ ሰው ነበሩ፤ ልጁ አባቱን ድል ባደረገው ጦር ማሠልጠኛ ውስጥ ተሰለፈ። አልሆነለትም። ወደ አገሩ መመለስን ይመኝ ነበር፤ አልተፈቀደለትም። ሳንድኸርስትን ትቶ በሊድስ ከተማ በቀድሞ አስተማሪው በሲሪል ራንሰም ዘንድ ሄዶ ተቀመጠ።

እዚያ ብዙ አልቆየም። በ1872 ዓ.ም መግቢያ ላይ ሳንባው ታመመ። ሐኪም መጣ፤ ንግሥቲቱም ሁኔታውን በየጊዜው ይጠይቁ ነበር። ታማሚው ግን መርዘውኛል ብሎ አመነ፤ መድኃኒቱንም አልቀበል ያለበት ጊዜ ነበር። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ሌሎች ሲወስኑለት የኖረ ወጣት በመጨረሻ የሚያምነው እጅ አጣ። ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም፣ በ18 ዓመቱ፣ አረፈ። ንግሥት ቪክቶሪያ በዕለት ማስታወሻቸው ላይ አንድም ዘመድ ሳይኖረው በባዕድ አገር ብቻውን መሞቱን እያነሡ እጅግ አዘኑ። ዓለም አየሁ ብለው ስም ያወጡለት ወላጆቹ ይህን ዓይነት ዓለም አላሰቡም ነበር።

የተቀበረው በዊንዘር ቤተ መንግሥት፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። ስሙን የያዘ የናስ ሰሌዳ በግድግዳው ላይ አለ። በአገሩ ሥርዓት ሰልስቱን ያወጣለት፣ አርባውንም ያሰበለት አልነበረም።

አገሩ ግን አልተወውም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አጽሙ እንዲመለስ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ጥያቄ አቀረቡ። ጥያቄው ከዚያም ወዲህ ተደጋግሟል። በግንቦት 2015 ዓ.ም የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎችን አጽም ሳይነኩ የእርሱን ማውጣት አይቻልም ሲል መለሰ። ከዚያ በፊት፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም፣ ከአጼ ቴዎድሮስ አስከሬን የተቆረጠው ጸጉር በለንደን ለኢትዮጵያ ተመልሷል። በመስከረም 2016 ዓ.ም ደግሞ በስፒዲ ዘመዶች እጅ የቆየ የዓለማየሁ ጸጉር ለኢትዮጵያውያን ተወካዮች ተሰጠ።

የአባቱ አጽም ኋላ ከመቅደላ ወደ ማኅበረ ሥላሴ ገዳም መፍለሱ ይነገራል። እናቱ በጨለቆት ናቸው። እርሱ በዊንዘር ነው።